«ብረት አይንካው» የተባለው የሆዴ እብጠት

መክሳቴን ከሰው ሁሉ ቀድሞ የነገረኝ ሜትሬ ነው። ሉባባ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ውስጥ መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የምኖር ሴት ነኝ። የራሴን ቀሚስ በጎን በኩል ይዤ ባጠበብኩት በወሩ እንደገና ሰፋኝ። ረመዷን ገና መውጣቱ ስለነበር «የጾሙ ነው» አልኩ። ደንበኞቼ «ማሻ አላህ፣ ሸንቀጥ ብለሽ የለም እንዴ!» ሲሉኝማ ጭራሽ ደስ አለኝ። ሞኝነቴ!

ቀጥሎ ትኩሳት ጀመረኝ። ጠዋት የለም፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተፍ ይላል። ሌሊት በላብ ተዘፍቄ እነቃለሁ፣ አንሶላ ቀይሬ እተኛለሁ። ከእምብርቴ በላይ የሚጀምር፣ ወደ ጀርባዬ የሚያልፍ ሕመም አለ፤ ማሽን ላይ ጎንበስ ስል ይብስብኛል። ምግብ ደግሞ ሁለት ጉርሻ ስወስድ በቃኝ፣ አፌ አይቀበልም።

የኛ አገር በሽተኛ መንገዱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» አለኝ። እስቲ ታይፎይድ ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ትኩሳቱ በሰዓቱ መጣ። ሁለተኛው «የጨጓራ ባክቴሪያ» አለኝ፤ ያንንም አፍ የሚያመርር ኪኒን እየተናነቀኝ ጨረስኩት። ሦስተኛው የኩላሊት ጠጠር ጠርጥሮ ውኃ አብዢ አለኝ። ማንንም አልከስም፤ ሕመሜ የሁሉንም መልክ የያዘ ነበር። ነገር ግን ሆዴን በመሣሪያ ያየልኝ አልነበረም፤ እኔም እዩልኝ አላልኩም። ስለዚህ ወገኖቼ፣ የታዘዘላችሁን በደንብ ጨርሳችሁ ሕመሙ ካልለቀቃችሁ፣ ሌላ መድኃኒት ከመለመን ሌላ ምርመራ ጠይቁ።

ባለቤቴ ሰይድ የጭነት መኪና መካኒክ ነው፤ ነገር ማብዛት አይወድም። አንድ ጠዋት ልብስ ስለብስ ጀርባዬን አየና «ተነሺ፣ ደሴ እንሂድ» አለኝ። ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ በየኩርባው ሆዴን ይዤ ነበር። ደሴ ስንደርስ ጉምና ብርድ ተቀበለን፤ ነጠላዬን አጣጥፌ ሆዴ ላይ አድርጌ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዬን ጠበቅኩ።

አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሐኪም ቀዝቃዛ ቅባት ሆዴ ላይ ቀብቶ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። «ምን አለ?» ብዬ ብጠይቀው «ሐኪምዎ ይነግርዎታል» አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሲቲ ስካን የሚባለው ትልቁ መሣሪያ ውስጥ አስገቡኝ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሰይድን አየ። «እርስዎ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለኝ። እኔን! የታመመው ሆድ የኔ፣ ውጭ የምጠብቀው እኔ።

ሰይድ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። «ምን አለህ?» አልኩት። «ጨጓራሽ አብጧል ነው የሚለው። የሚዋጥ ይሰጡሻል» አለኝ። ሰይድ ዋሽቶኝ አያውቅምና አመንኩት።

በኋላ እንዳወቅኩት፣ ሐኪሙ የነገረው ሌላ ነው። ከጨጓራዬ ጀርባ፣ ቆሽት የሚባለው አካል አጠገብ፣ እብጠት አለ። ካንሰር ይመስላል፤ ግን በፎቶ ብቻ ማወቅ አይቻልም። በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን መርፌ ናሙና መወሰድ አለበት። ሰይድ ይህን ሰምቶ መጀመሪያ የደወለው ለጋሼ አህመድ ነው። ጋሼ አህመድ ታላቅ ወንድሜ ናቸው፤ ደሴ ዙሪያ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን ያመርታሉ። አባታችን ካለፉ ወዲህ በቤታችን እሳቸው ያሉት ነው የሚሆነው።

«በጭራሽ!» አሉ ጋሼ አህመድ። «ብረት አይንካው። እብጠት ብረት ከነካው ይቆጣል፣ ይበተናል። ከኛ ቀበሌ ሆዳቸው የተነካ ሰዎች የት አሉ? አንድ እንኳ ቆጥረህ ንገረኝ። ለእሷም ትንፍሽ እንዳትል፤ ልቧ ከወደቀ ምንም አያነሳት።»

መርፌው እኔ በሌለሁበት እንዲህ ተከለከለ። ቤት ገብቼ ማር በጥቁር አዝሙድ መዋጥ ጀመርኩ። ከመካ የመጣ የዘምዘም ውኃ ተገኝቶልኝ ጠጣሁ። ዱዓ ተደረገልኝ፤ ዱዓውን ዛሬም አሚን እላለሁ፣ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ወራት እያለፉ ነው፤ እኔ «ጨጓራዬን» እያከምኩ ነው።

ሰዉ ሁሉ ተለወጠብኝ። ዩኒፎርም ዘገየ ብለው በር ላይ የሚጮኹብኝ እናቶች «አብሽሪ፣ ሲመችሽ» ማለት ጀመሩ። ሰይድ ሳልጠራው ውኃ ያመጣልኛል። «አላህ ምን አሳያቸው?» እያልኩ ይገርመኛል። ፋጡማ እስክትመጣ ድረስ አልገባኝም።

ፋጡማ የአጥር ጎረቤቴ ናት። በሁለታችን ግቢ መካከል በሚያልፈው የጎርፍ ቦይ ተጣልተን፣ ልጆቻችን አብረው ሲጫወቱ እኛ ሰላምታ ካቆምን ዓመታት ሆኖናል። ታዲያ አንድ ጁምዓ ከሰዓት በኋላ ወተት በጣሳ ይዛ ገባች። ተቀመጠች። እንባዋ ቀደማት። «ሉባባ፣ አውፍ በይኝ። እኔም አውፍ ብዬሻለሁ። በዱንያ ነገር ተያይዘን አኼራ አንድረስ» አለችኝ።

አውፍ መባባል ቂም ይዞ ወደዚያኛው ዓለም ላለመሻገር ይቅር መባባል ነው፤ በማንኛውም ቀን ይባላል። ይሁን እንጂ የኮረፈ ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ፣ አልቅሶ አውፍ የሚልሽ ወይ ሐጅ ስትሄጂ ነው፣ ወይ ደግሞ ስትሞቺ።

«ፋጡማ፣ ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ እኔ ምን አቅም አለኝ!»

«እኔም አልሄድም። ታዲያ ሂያጇ ማናችን ነን?»

ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ያኔ ገባኝ። «አውፍ ብዬሻለሁ፣ ሂጂ በይ» አልኳት።

ሰይድ ማታ ከሥራ መጥቶ ግቢ ውስጥ የእጁን ግራሶ በሳሙና እየታጠበ ነበር። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። «ልሞት ነው እንዴ፣ ሰይድ?»

«ማን አለሽ?»

«ፋጡማ አውፍ አስብላኝ ሄደች!»

ሳሙናው ከእጁ ወደቀ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «እንዳትሰበሪብኝ ብዬ ነው፣ ወላሂ ለክፋት አይደለም።»

«ኧረ ተወኝ! ጎረቤት አውቆ፣ ደንበኛ አውቆ፣ በቦይ የተጣላችኝ ሴት አውቃ፣ እኔ የራሴን ሆድ ሳላውቅ! ቀብሬንም ሳትነግሩኝ ልትጨርሱት ነበር?»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰዓት ከፍርሃቴ ንዴቴ ይበልጥ ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ትንሿ ልጄ አጠገቤ ተኝታ፣ ትንፋሿን እየሰማሁ፣ ፀጉሯን ማን ይሠራላታል ብዬ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ሊነጋጋ ሲል ግን አንድ ነገር ቆረጥኩ፦ ብሞትም ምን እንደገደለኝ አውቄ ነው የምሞተው።

ጋሼ አህመድ ተጠርተው መጡ። ገና ሲቀመጡ «ማነው የነገራት?» ብለው ሰይድን ተቆጡ።

«ጋሼ፣ እሱን ይተዉት» አልኳቸው። «እሺ፣ ብረት አይንካኝ። ታዲያ ምን ይንካኝ?»

«አላህ ያሽርሻል።»

«ኢንሻ አላህ ያሽረኛል። ሐኪሙንስ የፈጠረው ማን ነው? እኔ እርስዎን ንቄ አይደለም። ይነሡ፣ አብረን እንሂድና እዚያው ፊት ለፊት ይጠይቁት። መልስ ካጣ እመለሳለሁ፣ አላህ ምስክሬ ነው።»

ለሶላት ተነሡ። ጠዋት ግን ከኛ ቀድመው መናኸሪያ ደርሰው አገኘናቸው። ይህን ውለታቸውን አልረሳም፤ ስንቱ ታላቅ ወንድም «ብያለሁ» ብሎ ይቀራል።

ሐኪሙ ፊት ቆባቸውን አውልቀው ጠየቁ፦ «ብረት ሲነካው አይበተንም?»

ሐኪሙ አልሳቀባቸውም። «አባቴ፣ ይህን የሚሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለ። «ብዙ ሰው እዚህ የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። ያኔ ተወግቶም ይሁን ተከፍቶ ሰውየው ሲያርፍ መርፌው ይወቀሳል። መርፌው ምንም ጉዳት የለውም አልልዎትም። ሊደማ ይችላል። ባይወጋ የሚሻል የእብጠት ዓይነትም አለ፤ የእሷ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ፎቶው እብጠት እንዳለ ነግሮናል፤ ምን እንደሆነ አልነገረንም። ሳናውቀው የምንሰጣት መድኃኒት ሊጎዳት ይችላል።»

ጋሼ አህመድ ትንሽ አሰቡ። «ነጋዴ ጆንያ ወግቶ እህሉን እንደሚያየው ማለትህ ነው?»

«ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ እንዲህ ብለህ ከጅምሩ አትነግረንም!» ብለው ቆባቸውን መልሰው አደረጉ።

የመርፌው ቀን ሆዴን ባዶ አድርጌ መጣሁ። ቀደም ብሎ ደሜ ቶሎ የሚረጋ መሆኑን መርምረው ነበር፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምወስድ እንደሆነም ጠይቀውኛል። እናንተም የምትውጡት ነገር ካለ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አትደብቁ፤ እኔ ጥቁር አዝሙዱን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። አግዳሚው ላይ ከጎኔ ከቦሩ ሜዳ የመጡ፣ ማተብ ያሰሩ እናት ተቀምጠዋል፤ የሳቸው እብጠት ጉበታቸው ላይ ነው።

«ፈራሽ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«ፈርቻለሁ፣ እማማ።»

«እኔም። ነይ፣ አብረን እንፍራ» ብለው እጄን ያዙ። ስማቸው ሲጠራ «አላህ ያሽርዎ» አልኳቸው፤ «አንቺንም ማርያም ትማርሽ» ብለውኝ ገቡ። የእጃቸው ሙቀት ለኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በጀርባዬ አስተኝታኝ ሆዴን በመድኃኒት ጠረገችው፤ በቀጭን መርፌ ማደንዘዣ ወጋችኝ፣ እሱ ትንሽ አቃጠለኝ። ከዚያ ትልቁን አወጣች። ዕድሜዬን በመርፌ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም። ረዥም፣ ቀጭን፣ ውስጡ ሌላ መርፌ ያለበት ነው።

«ማየት ከፈለጉ ስክሪኑን ይመልከቱ» አለችኝ። አየሁ። ሁሉ ነገር ግራጫ ነው፤ መርፌው ነጭ መስመር ሆኖ አግድም ይገባል። «ይህ የደም ሥር ነው፣ አንነካውም፤ በዚህ በኩል እናልፋለን» እያለች ትነግረኛለች። ጨለማ ውስጥ የሚወጉኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እያዩ ነው። «አሁን ትንፋሽዎን ይያዙ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።» ቀጭ! ወረቀት እንደሚያያይዘው ስቴፕለር ጮኸ። እኔም «ያ ረቢ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ድምፁ ነው ያስደነገጠኝ። ሆዴ ውስጥ የገፋኝ ነገር እንጂ የቆረጠኝ ነገር አልተሰማኝም። እንዲያ አድርጋ ደጋግማ ወሰደች።

«አሳዪኝ» አልኳት። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ ከመስፊያ ክር የማይወፍር ነጭ ነገር ተንሳፍፏል። «ለዚች ነው ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰው?» ስላት ሳቀች። ከዚያ ግፊቴን እየለኩ እስከ ማታ አስተኝተው አቆዩኝ። ሲመሽ ቦታው ነዘነዘኝ፤ የሕመም ማስታገሻ ውጬ አለፈ።

እዚህ ላይ አለቀ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። ውጤቱ ሲመጣ «የወጣው የሞተ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ለመለየት አልተቻለም፤ መደገም አለበት» ተባለ። ያን ጊዜ በእውነት ተስፋ ቆረጥኩ። ከሁሉ የፈራሁት ደግሞ የጋሼ አህመድን አፍ ነው፤ «አላልኳችሁም?» ሊሉኝ ነው ብዬ ስልክ ለመደወል ቀኑን ሙሉ ፈራሁ። በመጨረሻ ስነግራቸው «እና ምን ያስለቅስሻል?» አሉኝ። «ጆንያ በአንድ ጎን ብቻ አይወጋም። በሌላው ጎን ይሞክሩት።» ብረት አይንካት ያሉት ሰውዬ!

ሁለተኛው ላይ ሐኪሟ ከእብጠቱ ዳር፣ ሕይወት ካለው በኩል ወሰደች። ከፊሉ ለተጨማሪ ምርመራ አዲስ አበባ ተላከ። መጠበቁ ከመርፌው ይብሳል፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር ስፌቴን ጥዬ እሮጣለሁ። ያኔ የሰፋኋቸው ዩኒፎርሞች ኪሳቸው ተዛንፎ ነው የወጣው፤ የለበሳችሁ ልጆች አውፍ በሉኝ።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ እንደ ልማዱ ወደ ሰይድ ዞረ። ሰይድ ብድግ አለ። «ዶክተር፣ ለእሷ ይንገሯት። አንዱ ውጭ መጠበቅ ካለበት እኔ እጠብቃለሁ» አለ። በጃኬቱ ጎትቼ አስቀመጥኩት። «ቁጭ በል፣ አብረን እንሰማለን።»

«ካንሰር አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ቲቢ ነው።»

«ቲቢ? ሳል እንኳን የለኝም!»

ሳንባ ላይ ብቻ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሆድ ውስጥ ያሉ እጢዎች ውስጥም ይገባል፤ እነሱ አብጠው ሲያያዙ በፎቶ ካንሰር ይመስላሉ። ያ የማታ ትኩሳት፣ ያ የሌሊት ላብ የሱ ነበር። በመድኃኒት ይድናል። ሰይድ እዚያው በጠረጴዛውና በበሩ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ሱጁድ ወረደ። እኔ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሐኪሙ የሚያደርገው ጠፍቶት መስኮት ከፈተ።

መድኃኒቱን ሰፈራችን ጤና ጣቢያ በነፃ ወሰድኩ። ልጆቼም ሰይድም ተመረመሩ፤ አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል አይደለም፣ ያቅለሸልሻል፤ ወራት ይፈጃል። በጀመርኩ ሰሞን ሽንቴ ብርቱካናማ ሆኖ «ደም ሸናሁ!» ብዬ ሰፈሩን አስደነገጥኩት፤ ነርሷ «ነግሬሽ ነበር እኮ፣ የኪኒኑ ቀለም ነው» ብላ ሳቀችብኝ። መጀመሪያ ትኩሳቱ ተወኝ፣ ቀጥሎ ላቡ፣ ሕመሙ መጨረሻ ላይ። ሲሻላችሁ ዳንኩ ብላችሁ እንዳታቆሙት፤ እኔንም ዳድቶኝ ነበር። ኋላ በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ እብጠቱ ሟሙቷል። ከፋጡማ ጋር አውፍ እንደተባባልን ነን፤ ቦዩ ግን ዛሬም አልተጠረገም።

የሁሉም ውጤት እንደኔ አይሆንም። የቦሩ ሜዳዋ እናት ካንሰር ነው ተባሉ፤ ሕክምናቸውን ጀምረዋል፣ በስልክ እንጠያየቃለን። «ምን እንደሆነ ካወቅኩት ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለውኛል። እኔም ካንሰር ቢሆን ኖሮ ያችን መርፌ አልጸጸትባትም ነበር።

ወሬዬ በዘመድ አዝማድ ሄዶ፣ በቀደም አንድ የማላውቀው ሰው ከቢስቲማ ደወለልኝ። ባለቤቱ አንገቷ ሥር አብጦባታል፤ ሐኪም በመርፌ ናሙና ይወሰድ ብሏል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እትዬ ሉባባ፣ እሷ ካንሰር እንደተጠረጠረ አታውቅም። ሳትደነግጥ እንዴት ብለን እናስወጋት? ምን ብንላት ይሻላል?» አለኝ።

«አሁን የት ናት?»

«እዚሁ ጓዳ ናት።»

«ስልኩን ስጣት።»

  የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ እህቴ። ባልሽ የፈራልሽ ነገር አለ…»

«አውቀዋለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሐኪሙ ሲነግረው በሩ ክፍት ነበር። እሱ ማወቄን ካወቀ ይሰበርብኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ባክዎ እንዳይነግሩብኝ።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። «ባልሽን ጥሪው፣ አጠገብሽ ይቀመጥ» አልኳት። «ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉት። ስለ መርፌው ለሁለታችሁም አንድ ላይ ነው የምነግራችሁ።»